«ሌ ሚዘራብል»፦ አንዱን ያስለቀሰ፣ ሌላውን ያስመረረ ፊልም (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በ2012 የወጣው «ሌ ሚዘራብል» ፊልም ከተነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «እንደዚህ ያለቀስኩበት ፊልም የለም» ይላል፣ ሌላው «ግማሹ ላይ አጠፋሁት» ይላል። መሃል ላይ የቆመ ሰው ብዙም አይገኝም። እኔ ከወደዱት ወገን ነኝ፣ ግን የጠሉትም ሰዎች ያለ ምክንያት አልጠሉትም፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ታሪኩን ለማታውቁ፦ መጨረሻውን እናገራለሁ።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

መነሻው ቪክቶር ሁጎ በ1862 ያሳተመው ትልቅ ልብ ወለድ ነው። በአማርኛም ተተርጉሞ ስለተነበበ ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዣን ቫልዣን ለተራቡ የእህቱ ልጆች ብሎ ዳቦ ይሰርቃል፣ ለማምለጥ እየሞከረም ቅጣቱ ይጨመርበትና 19 ዓመት ይታሰራል። በ1815 ሲፈታ የሚያስጠጋው ሰው ያጣል። ቤቱ ያስገባውን ጳጳስ ብር ዕቃ ሰርቆ ይጠፋል፣ ፖሊሶች ይዘው ሲመልሱት ግን ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብሎ ያድነዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ለመሆን ይታገላል። ዣቬር የሚባል የሕግ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያሳድደዋል።

ፊልሙ ግን በቀጥታ ከመጽሐፉ አልተሠራም። መሃል ላይ የመድረክ ሥራ አለ። ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ዜማውን፣ አለን ቡብሊል የፈረንሳይኛውን ግጥም ሠርተው በ1980 ፓሪስ ላይ ታየ። የእንግሊዝኛውን ግጥም ኸርበርት ክሬትስመር ጻፈ፣ ካሜሮን ማኪንቶሽ ፕሮዲውስ አደረገውና ኦክቶበር 8 ቀን 1985 ለንደን፣ ባርቢካን ላይ ተከፈተ። ያኔም ቢሆን ብዙ ተቺዎች አብጠለጠሉት፣ ሕዝቡ ግን ትኬት ሊቆርጥ ተሰለፈ። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ያየነው መከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም፣ ሥራው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብሮት ያለ ነው።

እውነት ሙሉውን ዘፈን ነው? ንግግር የለውም?

ከሞላ ጎደል የለውም። እዚህም እዚያም የምትነገር ዓረፍተ ነገር ትገኛለች እንጂ 158 ደቂቃው በሙሉ ማለት ይቻላል በዜማ ነው የሚሄደው። ሰው ሥራ ሲለምን በዜማ ነው፣ ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቅ በዜማ ነው፣ ሰው ሲሞትም በዜማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ዘፈን ያለበት ፊልም ብርቃችን አይደለም። ግን እዚያ ወሬው ይቆምና ዘፈኑ ይገባል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ወሬው ይቀጥላል፣ ተመልካቹም መሃል ላይ ያርፋል። እዚህ ማረፊያ የለም። ጆሯችሁ እስኪለምደው ድረስ ሰዎቹ ለምን ዝም ብለው እንደማያወሩ ይገርማችኋል። ሃያ ደቂቃ ታገሱት እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዜማው እንደ ንግግር መሰማት ይጀምራል። በሃያ ደቂቃ ካልለመዳችሁት ግን አይለመዳችሁም፣ ነውርም የለውም።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ከዚህ በፊትም ነበር። በ1964 የፈረንሳዩ ዣክ ዴሚ «የሼርቡርግ ጃንጥላዎች»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ሠርቶ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። በ1996ም «ኤቪታ» ነበር።

ተዋናዮቹ ካሜራ ፊት ላይቭ ነው የዘፈኑት የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ጭቅጭቁም በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚነሳው።

በተለመደው አሠራር ተዋናዩ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኑን ይቀዳል። ቀረጻው ቦታ ላይ ያ ድምፅ በስፒከር ይለቀቅና እሱ አፉን እያንቀሳቀሰ ይተውናል፤ እኛ ፕሌይባክ የምንለው ነው። ድምፁ ንጹህ ይሆናል። ችግሩ ተዋናዩ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል፣ የት ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል። በቀረጻው ቀን ድንገት እንባ ቢተናነቀው እንኳ ዘፈኑ ቆሞ አይጠብቀውም።

ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር ይህን ገለበጠው። ተዋናዮቹ ጆሯቸው ውስጥ የማትታይ ትንሽ ማዳመጫ ተደረገላቸው። ከካሜራው ዕይታ ውጭ አንድ ፒያኒስት ኪቦርድ ይዞ ተቀመጠ። ተዋናዩ ሲዘገይ ፒያኒስቱ ይዘገያል፣ ሲቸኩል ይከተለዋል፣ ዝም ሲል ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። አካባቢው ላይ ላለው ሰው ፒያኖው አይሰማም፣ የሚሰማው ያለ ምንም ሙዚቃ የሚዘፍን አንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ማይክሮፎኖቹ ልብስ ላይ ነበሩ፣ በምስሉ ላይ የታዩት በኋላ በኮምፒውተር ጠፍተዋል። ኦርኬስትራው የገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም የተዋናዩን ፍጥነት እየተከተለ።

ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ የምትሰሙት ድምፅ የዚያው ቅጽበት ድምፅ ነው። የሚንቀጠቀጥ፣ አንዳንዴ ከቅኝቱ የሚወጣ፣ በለቅሶ መሃል ቃል የሚውጥ። ለእኔ ይሄ ስጦታ ነው። ዘፈን ለመስማት ለመጣ ሰው ግን፣ በተለይ የመድረኩን ሲዲ ቤቱ ውስጥ ሲያደምጥ ለኖረ ሰው፣ ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ለምን አሳምረው አልዘፈኑትም የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ነው፦ ዳይሬክተሩ የመረጠው ያልተኳኳለ ድምፅ ነው። ምርጫውን መጥላት ይቻላል። «አልቻሉበትም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በታሪክ የመጀመሪያው ነው?

አይደለም። ድምፅ ያለው ፊልም በተጀመረበት ሰሞን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ኦርኬስትራው ከካሜራው ጎን ተቀምጦ ላይቭ መዝፈን የተለመደ ነበር። በ1964 ሬክስ ሃሪሰን «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ፕሌይባክ አልሠራም ብሎ በገመድ አልባ ማይክሮፎን ነው የተጫወተው። የሁፐር ልዩነቱ ይህን ያህል ረጅምና ሙሉ በሙሉ ዜማ የሆነ ፊልም በዚህ መንገድ መሥራቱ ነው።

አን ሃታዌይ ለትንሽ ጊዜ ታይታ ኦስካር የወሰደችው በምን ሂሳብ ነው?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ፊልሙን ያላየ ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የምትታየው፣ እውነት ነው። ግን ያቺን አንድ ዘፈን አስቡ።

ሃታዌይ የምትጫወታት ፋንቲን ከፋብሪካ ተባርራለች። ልጇን ለሚያሳድጉት ሰዎች የምትልከው ገንዘብ አጥታ ጸጉሯን ሸጣለች። የተቆረጠው ጸጉር የተዋናይዋ የራሷ ነው፣ ካሜራ ፊት ነው የተቆረጠው። ቀጥሎ ጥርሷን ትሸጣለች፣ ከዚያ ገላዋን። የመጀመሪያው ደንበኛ ተነስቶ ሲሄድ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች፣ «አንድ ሕልም አልሜ ነበር» የሚለውን ዘፈን የምትጀምረው እዚያ ላይ ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ቆሞ ይቀራል። ወደ ሌላ ምስል አይዘልም። አንድ ቀረጻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች የምትላቸው ለራሷ በሹክሹክታ ነው፣ ድምፅ ለማውጣት አቅም እንዳጣ ሰው። ከዚያ ቁጣው ይመጣል፣ አፍንጫዋ ይቀላል፣ አንገቷ ላይ ሥሩ ይገተራል፣ ከፍተኛው ዜማ ላይ ስትደርስ ድምፁን ለማሳመር ምንም አትሞክርም። መጨረሻዋ ላይ ድምፁ ያልቃል እንጂ ዘፈኑ የሚዘጋ አይመስልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያስተውለውም። መድረኩ ላይ ይሄ ዘፈን የሚመጣው ከሥራ እንደተባረረች ነው፣ ጸጉሯንም ገላዋንም ሳትሸጥ። ፊልሙ ወደ ኋላ ወሰደው። መድረኩ ላይ የምታዝን ሴት ዘፈን ነበር፣ እዚህ ግን ሁሉን የጨረሰች ሴት ዘፈን ሆነ። የዘፈኑ ቃል ሳይነካ ክብደቱ እጥፍ ሆነ። በእኔ ግምት ከፊልሙ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

የማይወዱት ሰዎች ደግሞ «አልቅሺ ብሎ አስገድዶኛል» ይላሉ። ፊት ላይ ያን ያህል ተጠግቶ ሌላ ነገር እንዳታይ የሚያደርግ ካሜራ ትንሽ ጉልበተኛ ነው፣ አልክድም። እኔን ግን አላስገደደኝም፣ አስለቀሰኝ።

የራስል ክሮውስ ነገር?

ይኸው መጣ። ስለዚህ ፊልም አምስት ሰው ቢሰበሰብ አራቱ የሚያነሱት ጉዳይ ነው።

ክሮው የሚጫወተው ዣቬር መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ወፍራምና ግርማ ያለው ድምፅ ባላቸው ዘፋኞች ነው የሚሠራው። ክሮው ባንድ ነበረው፣ የሮክ ዘፋኝ ነው፣ ድምፁ ቀጭንና ጠበቅ ያለ ነው። «ከዋክብት» የሚለውን ትልቅ ዘፈን ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲዘፍን የመድረኩን የሚያውቅ ሰው ይከፋዋል። ፊልሙ እንደወጣ ዘፋኙ አዳም ላምበርት ትዊተር ላይ ወጥቶ በተዋናዮቹ አዘፋፈን ላይ ክፉኛ ሲተች፣ ክሮው ራሱ አልተቆጣም። በሐሳቡ ብዙም እንደማይለይ፣ ድምፁን ማሳመር ይቻል እንደነበር፣ ሁፐር የፈለገው ግን እንዲያ ጥሬውን እንደሆነ ነው የመለሰው። በጣም አክብሬዋለሁ በዚህ።

የራሴን ልናገር። ፊልሙ አጋማሽ ድረስ የክሮው ድምፅ ለዣቬር ይስማማል። ዣቬር ደረቅ ሰው ነው፣ ሕግ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ድምፁም እንደዚያው ቀጥ ብሎ ቢሄድ አይጎዳውም። ከፓሪሱ አመፅ ውጊያ በኋላ የተገደሉት ሬሳ ተደርድሮ ሳለ፣ ከአመፀኞቹ ጋር የነበረውን የትንሹን ልጅ የጋቭሮሽን አስከሬን ሲያይ የራሱን ሜዳሊያ ከደረቱ ነቅሎ ልጁ ላይ የሚያደርግበት ቦታ አለ፣ ምንም ሳይዘፍን። ያ ትወና ነው። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ሰውየው የኖረበት እምነት ሁሉ ፈርሶ ራሱን ወንዝ ውስጥ ሊወረውር ሲል የሚዘፍነው ዘፈን አንድን ሰው ከሥሩ የሚነቅል ድምፅ ይፈልጋል፣ ክሮው ደግሞ ያ ድምፅ የለውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሲወድቅ የሚሰማው የአጥንት ድምፅ አለ። ሲኒማ ውስጥ አንዳንዱ ክው ብሎ ይቀራል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ያቺን ድምፅ ባያስገቧት ደስ ይለኝ ነበር።

ሂው ጃክማን ግን ጥሩ ዘፋኝ አልነበር? ለምን ተተቸ?

ቫልዣንን የተጫወተው ጃክማን ጥሩ ዘፋኝ ነው፣ የመድረክ ሰው ነው። የተተቸው በአንድ ዘፈን ነው። ቫልዣን ያሳደጋት የፋንቲን ልጅ ኮዜት የምትወደው ወጣቱ አመፀኛ ማሪየስ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ እግዚአብሔርን የሚለምንበት ጸሎት አለ። ዘፈኑ በለንደኑ የመጀመሪያው ቫልዣን በኮልም ዊልኪንሰን ድምፅ የታወቀ ነው፣ ከፍ ብሎ ግን በለሆሳስ ነው የሚዘፈነው፣ ጸሎት ስለሆነ። ጃክማን ገፍቶ፣ ጮኽ ብሎ ዘፈነው። ለእኔም ትንሽ በዝቷል። በቀረው ላይ ግን፣ በተለይ ጳጳሱ ከማረው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ላይ፣ የሚያህለው የለም። ያ ጳጳስ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ራሱ ዊልኪንሰን ነው። የድሮው ቫልዣን አዲሱን ቫልዣን ሲባርክ ማየት ሥራውን ለሚወድ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ካሜራው ለምን ሁልጊዜ ፊታቸው ላይ ይለጠፋል?

በዚህ ላይ ከሚያማርሩት ጋር ነኝ፣ ቢያንስ በግማሹ። ሁፐር ፊትን በጣም ተጠግቶ፣ ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ፣ ከመሃል አስወጥቶ መቅረጽ ይወዳል። ለብቻ ዘፈን ይሠራል፣ ፋንቲን ላይ አየነው። ብዙ ሰው አብሮ ሲዘፍን ግን ይበላሻል። «አንድ ቀን ብቻ» የሚለው የመሃል ዘፈን መድረክ ላይ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ቆመው፣ እያንዳንዱ የራሱን ዜማ ይዞ፣ ድምፁ እየተደራረበ ወደ ፊት እየተራመደ ሲመጣ ጸጉር ያቆማል። ፊልሙ ላይ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሲዘል ያ ጉልበት ይበተናል። ድምፁ አብሮ ነው፣ ሰዎቹ ግን ለየብቻ ናቸው።

የሚያናድደው ሁፐር ሰፊ ምስል መሥራት ሲፈልግ መቻሉ ነው። መክፈቻው ላይ እስረኞች ውሃ ውስጥ ቆመው ግዙፍ መርከብ በገመድ ሲጎትቱ የሚታይበት ቦታ፣ ወይም የጄኔራል ላማርክ የቀብር ሰልፍ ሕዝቡ መዝፈን ሲጀምር፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ይሄ የፈረንሳይ አብዮት ነው አይደል? ለምን ተሸነፉ ታዲያ?

አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ የተገደሉበት ትልቁ አብዮት በ1789 የጀመረው ነው። ፊልሙ ላይ የምናየው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጁን 5 እና 6 ቀን 1832 ፓሪስ ውስጥ የተነሳው አመፅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1830፣ ሕዝቡ አንዱን ንጉሥ አውርዶ ሉዊ ፊሊፕ በምትኩ ተቀምጦ ነበር፣ የድሃው ኑሮ ግን አልተለወጠም። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ፓሪስ ውስጥ ብቻ ከ18,000 በላይ ሰው ጨረሰ። የድሃ ወገን ነው ተብሎ የሚወደደው ጄኔራል ላማርክም በኮሌራ ሞተ። አመፁ የፈነዳው በቀብሩ ቀን ነው። በማግስቱ ወታደር ደመሰሰው። ሁጎ ራሱ የዚያን ዕለት ጎዳና ላይ ተኩስ መሃል ተገኝቷል፣ መጽሐፉን ያሳተመው ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ትልቁ የዝሆን ሐውልትም የፈጠራ አይደለም፣ ባስቲይ አደባባይ ላይ በእርግጥ ቆሞ ነበር።

ይሄን ማወቅ ለፊልሙ ይጠቅማል። ድል እንደሚመጣ እየጠበቃችሁ ካያችሁት መጨረሻው ያናድዳችኋል። አመፀኞቹ ወጣቶች እንደሚሞቱ አውቃችሁ ስታዩት ግን በየጎዳናው ወንበርና ጠረጴዛ ከመስኮት ሲወረወርላቸው፣ ኋላ ደግሞ በሩ ሁሉ ሲዘጋባቸው፣ ሌላ ነገር ነው የምታዩት።

ተቺዎች ካልወደዱት ሰው እንዴት እንዲህ ጎረፈለት?

ሁሉም ተቺ አልጠላውም፣ ግን የጠሉት በጣም ነው የጠሉት። ሕዝቡ ግን አልሰማቸውም። በ61 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ440 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ስምንት የኦስካር ዕጩነት አግኝቶ ሦስቱን ወሰደ፦ ረዳት ተዋናይት፣ ሜካፕና ጸጉር፣ የድምፅ ቅንብር። ሁፐር ራሱ ለዳይሬክተርነት አልታጨም።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሆነው ደግሞ ለብቻው ይነገራል። ፊልሙ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ሰሞን፣ በዲሴምበር 2012 ወጥቶ ሚሊዮኖች አዩት። የአገሪቱ አየር ኃይል ወታደሮች ሳይቀሩ በረዶ እየዛቁ የሚዘፍኑበት የራሳቸውን ቅጂ ሠርተው ለቀቁት፣ ዓለም ተቀባበለው። «ሕዝቡ ሲዘምር ይሰማችኋል ወይ» የሚለው መዝሙርም ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ2014ም በ2019ም ሰልፍ ላይ ተዘምሯል። ለተቺ የበዛ ስሜት የሚመስለው ነገር ለተበደለ ሰው ልክ የሆነ መጠን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው የማስበው።

ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

ለትንንሾች አይሆንም። የሴተኛ አዳሪዎቹ ክፍል ከባድ ነው፣ ሕፃን ልጅ በጥይት ተመትቶ ይሞታል። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ያስብበት ተብሎ ነው የወጣው። ከ13 በላይ ለሆኑ ግን አብራችሁ እዩት። «ዳቦ የሰረቀ ሰው 19 ዓመት ይታሰራል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ጥሩ ወሬ ይከፈታል።

ግማሹ ላይ አጥፍቼው ነበር። እንደገና ልሞክረው?

ሞክሩት፣ ግን በስልክ ስፒከር አይሆንም። ድምፁ ነው ፊልሙ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ጥሩ ስፒከር ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛውን በደንብ ብትሰሙም ሰብታይትል ክፈቱ፣ ምክንያቱም ሦስትና አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚዘፍንበት ቦታ አለ። በአንድ ማታ ካቃታችሁ ሁለት ቦታ ክፈሉት። ቫልዣን ትንሿን ኮዜትን ከአሳዳጊዎቿ ከቴናርዲየዎቹ ቤት አውጥቶ ፓሪስ ሲገባ አቁሙ፣ ከዚያ ታሪኩ ዘጠኝ ዓመት ዘሎ ነው የሚቀጥለው። በ2024 ድምፁ እንደገና ተቀናብሮ ሲኒማ ቤቶች ተመልሶ ነበር፣ እንዲያ ያለ ዕድል በድጋሚ በአቅራቢያችሁ ከመጣ የቤቱን ትታችሁ ወደዚያ ሂዱ።